ፊልሙን ማን ይያዝልን?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ ታርሟል።)

እንደምን አመሻችሁ? ... ይህ የሥራ ድካም ያለበት ሰላምታ ነው። እንደገና፤ እንደምን አመሻችሁ? አዎ፣ እንዲህ ነው!

ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ከኋላ ረድፍ የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ የመጡ ሦስት አራት ሰዎች ይታዩኛል። የሌሊት ተረኛ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እንቅልፍ ቢጥላችሁ አልቀየምም።

እኔ የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት፣ ሁላችንም በአጭሩ ቪኤ በምንለው መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዛሬ ጉድለቱንም ስለማነሣ በእንጀራዬ ላይ አልፈርድም። (ሳቅ)

የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሠራዊቱ ሆስፒታል የተነሣ ምስል፣ ራጁ፣ ሲቲው፣ ኤምአርአዩ፣ ወታደሩ ልብሱን አውልቆ ወደ ቪኤ ሲመጣ ለምን አብሮት አይመጣም? በመጀመሪያ ሁለቱ ቤቶች እንዴት እንደተራራቁ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ችግሩ በእውነት የቱ ላይ እንደሆነ፣ በመጨረሻም እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር። እሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ።

አባቴ ወታደር ነበሩ። በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የቦምብ ፍንጣሪ መታቸው። ሐረር ያሉ ሐኪሞች ማውጣት የሚቻለውን አወጡላቸው፣ ራጅ አነሡአቸው፣ ፊልሙን በካኪ ፖስታ አድርገው ሰጧቸው። ያ ፊልም ቤታችን ውስጥ የነበረውን ክብር ብታዩ! በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የቤቱ ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ የአባባ ፊልም። ልጆች ሳለን አባባ ሲወጡ ጠብቀን እናወጣና መስኮቱ ላይ እንይዘዋለን። የጎድን አጥንቶቹ እንደ ጭስ ይታያሉ፤ ከትከሻው ሥር ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። አንድ ቀን ተያዝን። አልተቆጡም። "ጣታችሁን እንዳታሳርፉበት፤ ነገ ሐኪም ቢጠይቀኝ ምን አሳየዋለሁ?" አሉ።

በአገራችን ፊልሙን የሚይዘው በሽተኛው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ላይ ለአሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ የሚወጣውም የሚገባውም በብብቱ ትልቅ ፖስታ ሸጉጧል። ዝናብ ሲመጣ ሰዉ ከራሱ በፊት ፖስታውን ያለብሳል። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገን የምንስቅበት ስንቶቻችን ነን? እኔም እስቅ ነበር። ቪኤ ሥራ ጀምሬ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከኢራቅ የተመለሰ ሰው ሲዲውን በደረት ኪሱ ይዞ ሲመጣ እስካይ ድረስ።

እሺ፤ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ።

ሁለቱ ቤቶች ወደ ኋላ የቀሩ ስለሆኑ የተለያዩ እንዳይመስላችሁ። ቀድመው የሄዱ ስለሆኑ ነው የተለያዩት! ከዚህ በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የምትደርሱበት የባልቲሞር ቪኤ ሆስፒታል በ1993 ያለ ፊልም ሥራ ሲጀምር፣ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ ፊልም አልባ የራዲዮሎጂ ክፍሎች ግንባር ቀደሙ ነበር። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው የቪኤ ሆስፒታል ደግሞ ቪስታ ኢሜጂንግ የሚባለው ሥርዓት የተወለደበት ቤት ነው፤ ዶክተር ሩት ዴይሆፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ምስሉ ከታካሚው መዝገብ ጋር በአንድ ስክሪን እንዲታይ አደረጉ። በዚያው ዘመን የጦር ሠራዊቱ በታኮማ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ማዲጋን በተባለው ሆስፒታሉ የራሱን የዲጂታል ምስል ሥርዓት ተከለ። እንግዲህ አስቡት። አንዱ በምሥራቅ ዳርቻ፣ ሌላው በምዕራብ ዳርቻ፤ ሁለቱም ጎበዝ፣ ሁለቱም የመንግሥት፣ ሁለቱም ያው አንድ ወታደር የሚያክሙ። ነገር ግን እርስ በርስ የማይነጋገሩ።

ዛሬ ሁሉም የሚግባባበት ዳይኮም የሚባለው የምስል ቋንቋ በአሁኑ ስሙ የወጣው በዚያው በ1993 ነው። ቀድሞ የሠራ ሰው ቋንቋው ከመጽደቁ በፊት ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል። ጎረቤትህ በር ሳይኖረው አንተ ግድግዳህን ከጨረስህ፣ በኋላ በር ለማውጣት ግድግዳ ማፍረስ አለብህ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። አፍጋኒስታን በ2001፣ ኢራቅ በ2003። ፈንጂ የመታው ልጅ ከጦር ሜዳ በአውሮፕላን ጀርመን፣ ላንድሽቱል ያለው የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ይደርሳል፤ ከዚያ እዚሁ ዋሽንግተን ወደነበረው የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል፣ ወደ ዋልተር ሪድ፤ ከዚያ ደግሞ ጭንቅላቱም፣ እግሩም፣ ዓይኑም አንድ ላይ ለተጎዳ ሰው ወደተዘጋጀው የቪኤ ማዕከል፣ ለምሳሌ ወደ ሪችመንድ። በየደረሰበት ሲቲ ይነሣል። አንጎሉ ያበጠው ትናንት ነው ዛሬ? ይህን ለማወቅ የትናንቱን ምስል ከዛሬው ጎን ማስቀመጥ ግድ ነው። ከዚህ ወደ ሪችመንድ ስንት ሰዓት ነው? ሁለት ሰዓት! ምስሉ ግን ለሁለት ሰዓት መንገድ ሲዲ ላይ ተገልብጦ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ከአልጋው ጋር ነበር የሚጓዘው። ያለ ወረቀት፣ ያለ ሲዲ መላክ የተጀመረው በ2007 ነው፤ ከዋልተር ሪድ፣ ከቤተስዳው የባሕር ኃይል ሆስፒታልና ቴክሳስ ካለው የጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ከብሩክ ወደ አራቱ የቪኤ ማዕከላት፣ ወደ ሪችመንድ፣ ታምፓ፣ ሚኒያፖሊስና ፓሎ አልቶ። ጦርነቱ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በሩጫ ልለፈው፤ ዝርዝሩ የስብሰባ ታሪክ ነው። የ2008ቱ የመከላከያ ሕግ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2009 መረጃ የሚለዋወጥ ሥርዓት እንዲኖራቸው አዘዘ። አንድ የጋራ መዝገብ እንሥራ ተባለ፤ በ2013 ተተወ። መከላከያው በ2017 ከሰርነር ኩባንያ የተገኘውን አዲስ የታካሚ መዝገብ ሥርዓት መጠቀም ጀመረ፤ ቪኤም በ2018 ያንኑ ለመግዛት ተዋዋለ፣ በ2020 ስፖኬን ላይ ጀመረ፣ ችግር በዛበት፣ በ2023 ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ማስፋፋቱን ለጊዜው አቆመ። በማርች 2024 ሁለቱም አብረው በሚያስተዳድሩት፣ ሰሜን ቺካጎ ባለው የላቭል ሆስፒታል በአንድ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "መዝገቡ አንድ ከሆነ ምስሉም አንድ ሆነ" ይላል። አልሆነም! መዝገቡ ሌላ፣ የምስሉ ማከማቻ ሌላ ነው። መዝገቡ ላይ "ሲቲ ተነሥቷል" የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ሲቲው ራሱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ቁልፍ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበኛል? አንድ ሰው ልንገራችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ።

ዕድሜው አርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ኢራቅ፣ ባላድ ነበር፤ ቆሻሻ በቀንም በሌሊትም በሚቃጠልበት ትልቅ ጉድጓድ አጠገብ። በ2022 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለውን ጭስ የተነፈሱ ሰዎች ሕክምናና ካሣ እንዲያገኙ በሩን ስለከፈተ፣ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ሰዎች ወደ እኛ መጥተዋል። ሳል አለበት። ደረቱን በሲቲ አነሣሁት። ስምንት ሚሊሜትር የምትሆን ጉብታ ሳንባው ላይ ታየች። ሐኪሟ ስክሪኑን ሳትለቅ ጠየቀችኝ፤ "አሮጌው አለ?"

አሮጌው አለ? እናንተ የራዲዮሎጂ ልጆች፣ ይህችን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ ትሰማላችሁ? ሙያችን በዚህች ጥያቄ ላይ ነው የቆመው። አንድ ምስል የሚነግርህ "አለ" ወይም "የለም" ብቻ ነው። ሁለት ምስል ግን "አድጓል" ወይም "አላደገም" ይልሃል። እንዲህ ያለች ጠጣር ጉብታ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መጠኗ ካልተለወጠ ካንሰር ለመሆን ዕድሏ እጅግ ዝቅተኛ ነው። አሮጌው ከሌለ ግን ሦስት ወር ጠብቅ፣ ወይም መርፌ አስገባ፣ ወይም እንደገና አንሣ።

ሰውየው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ከሠራዊቱ ሊወጣ ሲል ሲቲ ተነሥቷል። ጽሑፉን ስክሪን ላይ አገኘነው፤ "ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ ክትትል ይደረግ" ይላል። ትንሽ ስንት ነው? ሁለት ሚሊሜትር? ስምንት? አልተጻፈም። ምስሉን ጠየቅን። ስልክ፣ ከስልክ በኋላ ፋክስ (አዎ፣ ፋክስ! አትሳቁ)፣ ከፋክስ በኋላ የተፈረመ ቅጽ፣ ከቅጹ በኋላ ሲዲ በፖስታ። ሲዲው መጣ። ኮምፒውተሩ ደግሞ በጸጥታ ደንብ ምክንያት የውጭ ሲዲ አይከፍትም፤ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ አንዲት ሴትዮ ብቻዋን ወደምትሠራበት ክፍል ሄደ። ተከፈተ። ጉብታዋ ከስድስት ዓመት በፊትም ስምንት ሚሊሜትር ነበረች። አላደገችም።

ይህ ሁሉ አምስት ሳምንት ፈጀ። ውጤቱን ሊሰማ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። "በአምስቱ ሳምንት ውስጥ ኑዛዜዬን ጻፍኩ" አለኝ። "ይቀደድ እንዴ?" አልኩት። "አይ፣ አንዴ ጽፌዋለሁ" አለ፤ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ነጥቤ ይኸውና። ችግሩ ሽቦው አይደለም። ሽቦው አይደለም!

እስቲ አብረን እናስላ። ሲቲ ሰውነትን እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ነው የሚያሳየው፤ አንድ የሲቲ ቁራጭ ምስል 512 በ512 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ባይት። ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። አንድ ምርመራ አንድ ሺህ ቁራጭ ቢኖረው 500 ሜጋባይት ነው። ልጆቻችሁ ማታ ማታ የሚያዩት ፊልም ከዚህ ይበልጣል። ይህን ማጓጓዝ የሚያቅተው መንግሥት የለም።

የሚያቅተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ይህ ሰው ማን ነው? መከላከያው ለእያንዳንዱ ሰው አሥር አኃዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው። ቪኤ ለረጅም ጊዜ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲሠራ ኖሮ አሁን የራሱ ሌላ ቁጥር አለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና የመሳሰለው ነው። ስም! እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የልደት ቀኑ በትክክል ስላልታወቀ በመንግሥት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት እጁን ያውጣ። ... ተመልከቱ! (ሳቅ) ስሙ በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ፣ በሌላው ላይ በሁለት ኤስ የሚጻፍስ? የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም የሆነበትስ? ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ሰው ሲያይ ሁለት ሰው ያደርገዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋል። የሌላ ሰው ምስል ከሚመጣ ምንም ባይመጣ ይሻላል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ሲጠራጠር ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየው "ምስል የለም" የሚል ነው። "አላገኘሁትም" አይልም፤ "የለም" ነው የሚለው። ለእኔ ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይህ ቃል ነው።

ልጆቻችን ሠራዊቱ ውስጥ አሉ። አንዳንዶቹ ከ2009 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በነበረው፣ ቋንቋ የሚያውቁና የጤና ሙያ ያላቸው የውጭ ዜጎች በሚመለመሉበት ፕሮግራም የገቡ ናቸው፤ አማርኛም ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ የስም ነገር የሌላ ሰው ችግር አይደለም።

ሌላው ነገር ደግሞ ማየትና መያዝ ልዩነት ያላቸው መሆኑ ነው። ዛሬ የሁለቱንም ቤት መዝገብ በአንድ መስኮት የሚያሳይ ጆይንት ሎንጊቲዩዲናል ቪወር የሚባል መሣሪያ አለ። ሥሩ ሐዋይ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ላመሰግነው ይገባል፤ የስንቱን ሰው የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ጣጣ አቅልሏል። ከእሱ የሚከፈት ምስልም አለ። ነገር ግን ሐኪሙ በተራ ስክሪን ላይ ለመረጃ ያህል የሚያየው ምስልና ምስል አንብቦ ውጤት የሚሰጠው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ለፍርድ የሚጠቀምበት ምስል አንድ አይደሉም። ራዲዮሎጂስቱ አሮጌውና አዲሱ በጨለማው ክፍል፣ በዚያ በሚሠራበት ስክሪን ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ቁራጭ ለቁራጭ አብረው እንዲንቀሳቀሱለት ይፈልጋል። ለዚህ ምስሉ ወደ ቤቱ ማከማቻ ተጠርቶ መግባት አለበት። ሲገባ ደግሞ አንዱ ቤት "ቼስት" ያለውን ሌላው "ቶራክስ" ይለዋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን የተለያየ ምርመራ አድርጎ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ሳያሰልፈው ይቀራል። ምስሉ ደርሷል፤ ለሚያስፈልገው ዓይን ግን አልደረሰም።

አሮጌው ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ደግመን እናነሣለን። አንድ የደረት ሲቲ ወደ 6 ሚሊሲቨርት ጨረር ይሰጣል፤ ሰው በዚህ አገር ከተፈጥሮ የሚያገኘው በዓመት ወደ 3 ነው። አንድ ፖስታ ስለዘገየ ሰውን የሁለት ዓመት ጨረር እናጠጣዋለን ማለት ነው። ብዙ አይደለም ትሉኛላችሁ፤ ለአንድ ጊዜ ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። በጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ አጠገብ ያለው የወታደሮች የግል ማኅደር ማከማቻ ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል ወደመ። ቅጂ አልነበረውም። እስከ 1960 ከጦር ሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎች አብዛኛው ፋይል ያኔ ነው የጠፋው። ኮሪያ ዘምቶ፣ ቆስሎ፣ መዝመቱን ማስረዳት ያቃተው ሽማግሌ በሥራዬ አጋጥሞኛል። ቁስሉ እግሩ ላይ አለ፤ ወረቀቱ የለም። አባባ ፊልማቸውን ሳጥን ውስጥ ሲቆልፉ ስለ ሴንት ሉዊስ አልሰሙም ነበር።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ሦስተኛው አጭር ነው። ልጁ ወይም ዘመዱ ከሠራዊቱ ሊሰናበት የተቃረበ ሰው ካለ እባካችሁ ይህን ንገሩት፤ ከመውጣቱ በፊት የጽሑፍ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹን ራሳቸውን በሲዲ ይጠይቅ። ሁለት ቅጂ። የተነሣበትን ሆስፒታልና ወሩን በእጁ ይጻፍ። ስሙ በየወረቀቱ እንዴት እንደተጻፈ ያስተያይ፤ ከተለያየ ልብሱን ሳያወልቅ ያስተካክል፤ ካወለቀ በኋላ ቢሮው ሁሉ ሌላ ነው። እናንተ ባለሙያዎች ደግሞ፣ በሽተኛውን ጠረጴዛው ላይ ከማስተኛታችሁ በፊት "ከዚህ በፊት ተነሥተው ያውቃሉ?" አትበሉ፤ ሁሉም "አላስታውስም" ይላል። "የት ተነሡ?" በሉ። "የት" ስትሉት ያስታውሳል። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማርኩት ትልቁ ዘዴ ይህ ነው።

ከመቀመጤ በፊት የአባባን ነገር ልጨርስ።

ሠላሳ ከምናምን ዓመት በኋላ አባባ ወደዚህ መጡ። ወገባቸውን ያማቸው ስለነበር ኤምአርአይ ታዘዘላቸው፤ ሌላ ሆስፒታል ነው። እንደምታውቁት ኤምአርአይ ማግኔት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ብረት ካለ ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያሞቀው ይችላል። ቅጹን እየተረጎምኩ ጠየቅኋቸው፤ "በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?" "የለም፤ ሐረር አውጥተውልኛል" አሉ በኩራት። "አባባ፣ ፊልሙ ላይ ያለችውስ ነጥብ?" ዝም አሉ። ረስተዋታል። በሦስተኛው ቀን ፊልሟን ይዘን ሄድን። ከአዲስ አበባ በሻንጣ መጥታለች፤ ከበርበሬውና ከሽሮው በታች፣ በነጠላ ተጠቅልላ።

አሁን የሆነውን ስሙ። ፊልም የሚታይበት የመብራት ሰሌዳ ተፈለገ። የለም! ያን ሁሉ ከግድግዳው ከነቀሉት ዓመታት አልፈዋል። ያ ሁሉ ማሽን ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ፊልም የምናይበት ብርሃን አጣን። በመጨረሻ አንዱ ወጣት ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ገጽ ከፈተ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመረው፣ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ ደገፍነው። የስንዴዋ ፍሬ ታየች። አዲስ ራጅ አነሡአቸው፤ ራዲዮሎጂስቱ መጥቶ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ምርመራውን ፈቀደ።

አባባ ከኋላችን ቆመው ነበር። "እንዴት ናት? ከቦታዋ ሄዳለች?" አሉኝ።

"አልሄደችም፣ አባባ። እዚያው ናት።"

"እንግዲያው ፊልሜን መልሱልኝ" አሉ።